አዳሩ ሞልቶ ረቡዕ የሚጎድለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ 350 ያህል አባላት ባሏት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ክፍል አስተባባሪ ነኝ። ረቡዕ ማታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ የጸሎት ፕሮግራም አለን። የሚመጣው ከ15 እስከ 20 ሰው ነው፤ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። በወር አንዴ የምናደርገው አዳር ጸሎት ግን አዳራሹን ይሞላዋል። እሑድ እሑድ እናስታውቃለን፣ ሽማግሌዎችም ገሥጸዋል፤ ለሁለት ሳምንት ይጨምርና መልሶ ይቀንሳል። ረቡዕን ትተን ወደ ማለዳ ብናዞረው ይሻላል? ወይስ ሌላ የጎደለን ነገር አለ?»

ምላሽ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የመልሱን ግማሽ ጥያቄዎ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ አዳሩ ይሞላል ብለዋል። እንግዲህ ሕዝባችሁ ጸሎት የሚጠላ ሕዝብ አይደለም። ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው ረቡዕ ማታ ከቀረ፣ ነገሩን ሁሉ በስንፍና መተርጎም ተገቢ አይመስለኝም። ተግሣጹም ከሁለት ሳምንት በላይ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ያፈረ ሰው ይመጣል፤ መጥቶ ያገኘው ያው የቀድሞው ከሆነ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል።

ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ሦስት ረቡዕ ያህል፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። ዝማሬው፣ ትምህርቱ፣ ማስታወቂያው፣ ጸሎቱ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይጻፉ። በብዙ አጥቢያ የሚታየው ይህን ይመስላል፦ ፕሮግራሙ 12 ሰዓት ይባላል፤ ኪቦርዱ ተሰክቶ ማይኩ «ቼክ፣ ቼክ» እስኪባል 12፡20 ይሆናል። ዝማሬው 30 ደቂቃ፣ ምስክርነቱ 10 ደቂቃ ይወስዳል። «አጭር ቃል ላካፍላችሁ» ያለው ወንድም 35 ደቂቃ ይቆማል። ማስታወቂያ 5 ደቂቃ። «አሁን ወደ ጸሎት እንገባለን» ሲባል 1፡40 ሞልቷል፤ ሰው ስለ ታክሲ ማሰብ ጀምሯል። መሪው ማይክ ጨብጦ ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለ15 ደቂቃ ይጸልያል፣ ሌላው «አሜን» ይላል፣ 1፡55 ላይ ያበቃል። በሰዓቱ የመጣ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ራሱ የጸለየው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ እሱንም በመሪው ድምፅ ስር ሆኖ ነው። የእናንተም ልኬት ወደዚህ ከተጠጋ፣ ረቡዕ ያላችሁ ነገር መዘምራኑ የጎደሉበት እሑድ ነው። ከሥራ የወጣ ሰው ለእሱ ብሎ ሰልፍ አይሰለፍም።

ስለዚህ ሰዓቱን እንደገና ማዋቀር ይቅደም። እኔ የምመክረው 75 ደቂቃ ነው፦ ከ12፡00 እስከ 1፡15። በ12፡00 አራት ሰው ቢኖርም ይጀመር። «ትንሽ ሰው ይጠራቀም» እየተባለ የሚጠበቅበት ቤት በሰዓቱ የሚመጡትን እየቀጣ የሚያረፍዱትን ይሸልማል። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ አንድ መዝሙር፣ ያለ መሣሪያ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ከዚያ ከ6 እስከ 10 ቁጥር የሚሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል፤ ይነበባል እንጂ አይሰበክም። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ምስጋናና ንስሐ፣ ከዚህ ውስጥ 3 ደቂቃው ፍጹም ጸጥታ። ጸጥታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውን ያስጨንቃል፤ አንዱ ይስላል፣ ሌላው ዝማሬ ሊጀምር ይሞክራል። መሪው «ሦስት ደቂቃ ዝም እንላለን፣ ሲያበቃ እኔ እነግራችኋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ቢናገር ፍርሃቱ ይቀላል። ከዚያ 25 ደቂቃ ሦስት ሦስት እየሆኑ መጸለይ ነው፤ የምሽቱ ልብ ይኸኛው ነው። ቀጥሎ 15 ደቂቃ ሁሉም ድምፁን አንሥቶ በአንድነት የሚጸልይበት፣ ሁለት ርእስ ብቻ ይዞ። 10 ደቂቃ ታሞ ወይም ተጨንቆ ለመጣ ሰው ሽማግሌዎች የሚጸልዩበት፣ ያዕቆብ 5፡14 እንደሚለው። በመጨረሻው 5 ደቂቃ የሚቀጥለው ሳምንት ርእስ ይነገርና በቡራኬ ይዘጋል። 1፡15 ሲሞላ ጸሎቱ ቢግልም ይዘጋ፤ መቆየት የሚፈልግ ይቆያል። ሰው በሰዓቱ እንደሚለቀቅ ሲያምን ነው በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤቱን ይዞ የሚመጣው።

ሦስት ሦስት ያልኩት በሒሳብ ነው። በ25 ደቂቃ አራት ርእስ ቢሰጥ ለአንድ ርእስ 6 ደቂቃ ይደርሳል፤ ሦስት ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ይጸልያል። በአንድ ምሽት እያንዳንዱ ሰው በራሱ አፍ 8 ደቂቃ ጸለየ ማለት ነው። ስምንት ሰው በክብ ቢቀመጥ ግን ለአንዱ የሚደርሰው 3 ደቂቃ ነው፤ እሱንም ሁለቱ ደፋሮች ይወስዱታል። ሁለት ሁለት ማድረግ ደግሞ አዲስ ሰው ላይ ይከብዳል፤ የመጸለዩ ሸክም ግማሹ በእሱ ላይ ይወድቃልና። በሦስቱ ውስጥ አንዱ ዝም ቢል እንኳ ነገሩ ይሄዳል። ቡድኑን መሪው ይደልድል፤ «እናንተው ተቧደኑ» ከተባለ ባልና ሚስት፣ ጓደኛና ጓደኛ ይያያዝና እንግዳው ወንበሩ ላይ ብቻውን ይቀራል።

ይህ አዲስ ብልሃት እንዳይመስልብዎት። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሽገው ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሲሰበሰቡ፣ ድምፅ ማሰማት አደጋ ነበረና ሁሉም በሹክሹክታ፣ በየተራ ይጸልይ ነበር። ዛሬ ረቡዕን ተሸክመው ከሚያቆዩት እናቶች መካከል መጸለይን እንደዚያ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሩ አይጠፉም። ልጆቻቸው ግን ያደጉት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ማይክ የያዘ ሰው ሲጸልይ እየሰሙ ነው። ወጣቱ «አይጸልይም» ሲባል እኔ የምጠረጥረው የሚጸልይበት ቦታ አግኝቶ እንደማያውቅ ነው።

ስለ ሰዓትና ስለ ሥርዓት ከታሪክ የምወደው አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1857፣ እሱም ረቡዕ ነበር፣ ጀረማያ ላንፊር የተባለ የቀድሞ ነጋዴ በኒው ዮርክ ፉልተን ጎዳና ባለ የቤተ ክርስቲያን ክፍል የቀትር ጸሎት ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ብቻውን ቆየ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ስድስት ሰው ሆነው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት 20፣ ከዚያ 40 ሆኑና ወዲያው በየቀኑ እንዲሆን ተወሰነ። በከተማው ባንኮች በወደቁበት በዚያ መከር ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። እኔን የሚገርመኝ ግን የስብሰባው ደንብ ነው፦ የአንድ ሰው ጸሎት ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፤ በተከታታይ ከሁለት ጸሎት በላይ አይደረግም፤ አከራካሪ ጉዳይ አይነሣም። መጋበዣው ላይ አምስት ደቂቃም፣ አሥር ደቂቃም፣ ሙሉ ሰዓትም መቆየት እንደሚቻል ተጽፎ ነበር። «ሥርዓት መንፈስን ያጠፋል» ለሚሉ ወገኖች ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ሥርዓቱ የገደበው ረጅም ተናጋሪዎችን ነው።

ረጅም ጸሎት የሚጸልይ ሰው በእናንተም ዘንድ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። በዘፍጥረት ጀምሮ ዮሐንስ ራእይ ላይ ሲደርስ ሌላው እግሩን ይቀይራል። እንዲህ ያለውን ሰው በጉባኤ መሀል ማቋረጥ አይገባም፤ ለብቻው፣ በአክብሮት፣ «አባባ፣ አዳዲሶቹ ከእርስዎ ቀጥሎ ለመጸለይ ስለሚፈሩ አጠር አድርገው መንገድ ይክፈቱላቸው» ቢባል አብዛኛው ይሰማል። ኃላፊነት ሲሰጠው ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

ወደሚፈሩት እንምጣ። በጉባኤ ድምፅ አውጥቶ ለመጸለይ የሚፈራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው እግዚአብሔርን አይደለም፤ አነጋገሩን ነው። መሪዎች የሚጸልዩበት ቋንቋ፣ የድምፅ አወጣጥ፣ በየሐረጉ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ማለቱ አንድ ወጥ ስልት ሆኖ ተቀርጿልና፣ እሱን የማይችል ሰው ጸሎት የማይችል ይመስለዋል። መፍትሔው ስብከት ሳይሆን ልምምድ ነው። ለስድስት ሳምንት ያህል እንዲህ ቢሄድ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጸልይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ስለ… አመሰግንሃለሁ» ብሎ ያብቃ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ ለምሳሌ 23 ወይም 121፣ ቁጥር በቁጥር ይነበብና ሰው ያነበበውን ቁጥር ወደ ጸሎት ይመልስ። አምስተኛውና ስድስተኛው ሳምንት የራሱን ጉዳይ ይዞ ይምጣ። በትንሹ ቡድን ውስጥ ደግሞ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጸልይ። ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሀዲይኛ፣ ጉራግኛ ቤቱ የሚናገር ሰው በአማርኛ ሲጸልይ ቃል የሚያጥረው፣ ወደ ራሱ ቋንቋ ሲመለስ እንባው የሚመጣ ብዙ ነው። ሌሎቹ ባይገባቸውም «አሜን» ማለት ይችላሉ።

ለትምህርት አንድ ክፍል ብቻ ምረጡ ብባል የሐዋርያት ሥራ 4፡24–31ን እመርጣለሁ። ጴጥሮስና ዮሐንስ ዛቻ ተቀብለው ከሸንጎ ወጥተዋል፤ ጉባኤው ይጸልያል። አጀማመሩን ይመልከቱ፦ ሰማይንና ምድርን የፈጠረ ብለው የሚያነጋግሩትን ይጠራሉ፤ ቀጥለው መዝሙር 2ን ይጠቅሳሉ፤ ቀጥለው ሄሮድስንና ጲላጦስን በስም ጠርተው የገዛ ከተማቸውን ጉዳይ ከመዝሙሩ ጋር ያገናኛሉ። ልመናው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም አጭር ነው፦ ዛቻቸውን ተመልከት፣ ቃልህን በፍጹም ግልጥነት እንድንናገር ስጠን፣ እጅህንም ለፈውስ ዘርጋ። «ዛቻው ይቁም» አላሉም። ጸሎቱ ቢነበብ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። በአንድ ምሽት ይህን ክፍል በአራት ቦታ ከፍላችሁ፣ እያንዳንዱን ቦታ በእናንተ ጉዳይ እየተካችሁ ብትጸልዩት፣ ሰው እሑድ ከሚሰማው አሥር ስብከት የበለጠ ያስተምረዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የጸሎት ርእስ አሰጣጥም ሰዉን ያባርራል። «ስለ አገራችን፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ስለ ቤተሰብ» የሚል ርእስ በየሳምንቱ ሲደጋገም አፍ ይለምደዋል፣ ልብ ይለያል። ርእስ ሲጻፍ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚሉት ይመለሱ። «ስለ ተማሪዎች» ከማለት «ለብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሚሄዱት የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን፤ ከቤት ርቀው እንዳይደናገጡ፣ የተማሩትን እንዲያስታውሱ፣ በሰላም እንዲመለሱ» ማለት ይሻላል። ስለ መሪዎች ሲጸለይም 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፡1–2 ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ ጸልዩ ይላልና፣ የምንደግፈውን መርቀን የማንደግፈውን የምንረግምበት መድረክ እንዳይሆን መሪው ርእሱን ጽፎ ይምጣ። በዛሬው ጊዜ አንድ ያልታሰበበት ዐረፍተ ነገር ጉባኤን ለሁለት ይከፍላል።

መዝገብ ይኑራችሁ። ተራ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል፤ አምስት ዐምድ፦ ቀን፣ ርእስ፣ የተያዘው ቃል፣ ተመልሰን የምናየው መቼ ነው፣ ምን ሆነ። በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ 5 ደቂቃ ከደብተሩ ይነበብ። ያልተመለሰውም ይነበብ፤ «ሥራ አላገኘም፣ እንቀጥላለን»፣ «አረፈች፣ ቤተሰቡን እናጽናና»። የተመለሰውን ብቻ የሚያነብ ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ ማጋነን ይጀምራል፤ ያልተመለሰለት ሰው ደግሞ እምነቱ የጎደለ እየመሰለው በጸጥታ ይቀራል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ ጉባኤ ያቆሰለ ነገር አለ፦ «ጸልዩለት» ተብሎ የሚወራ ሐሜት። የሰው የትዳር ችግር፣ የደም ምርመራ ውጤት፣ የዕዳ ጉዳይ በጸሎት ርእስ ስም አዳራሽ ውስጥ ይነገርና በማግሥቱ ሰፈሩን ይዞራል። ደንቡ አንድ ይሁን፦ ጉዳዩን የሚናገረው ባለጉዳዩ ነው፤ ሌላ ሰው የሚናገረው ባለጉዳዩ ፈቅዶ ከሆነ ብቻ ነው። ፈቃድ ከሌለ «አንድ ቤተሰብ ከባድ ነገር ውስጥ ነው» ብሎ መጸለይ ይቻላል፤ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል። የቴሌግራም ቡድናችሁም በዚሁ ይመራ፦ የሳምንቱ ርእስ ከላይ ይሰካ፣ ከአንድ ደቂቃ የሚበልጥ የድምፅ መልእክት አይላክ፣ ከሌላ ቦታ የተላከ «ትንቢት» አይተላለፍ፣ የታማሚ ፎቶ አይለጠፍ።

ስለ ትንቢት ካነሣን፣ በጸሎት መሀል «ጌታ እንዲህ ይላል» ብሎ ስለ ሰው ትዳር፣ ጉዞ ወይም ንግድ የሚናገር ሰው ሲነሣ ምን እንደሚደረግ ሽማግሌዎች አስቀድመው ይወስኑ። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፡29 ሌሎቹ ይለዩት ይላል። መልእክት አለኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ለሁለት ሽማግሌዎች ይናገር። ይህ ካልተወሰነ የረቡዕ ጸሎት ሰው ስለ ራሱ ለመስማት የሚመጣበት ቦታ ይሆናል፤ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ጸሎቱ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ዕድገት አልመኝላችሁም።

ጾም ጸሎት ስታውጁ ጤናን አትርሱ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ፣ ብርቱ የጨጓራ ሕመም ያለባቸው፣ ሰዓት ጠብቀው መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጹሙ፤ ይህን አዋጁ ራሱ በግልጽ ይናገር፣ ሰው እንዳያፍር። በተለይ በአዳር ላይ የስኳር ታማሚ ባዶ ሆዱን ቆይቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ ንግግሩ ሲምታታ፣ ሲበሳጭ «መንፈስ ተገለጠ» ተብሎ እጅ የሚጫንበት ጊዜ አለ። ይህ የደም ስኳር መውረድ ምልክት ነው። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም፣ ራሱን ከሳተ ግን ምንም በአፉ ሳያደርጉ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። በጸሎት ክፍሉ ቁም ሣጥን ስኳር ይቀመጥ። የኤችአይቪም ሆነ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድን ሰው «ተፈውሰሃልና አቁም» የሚል አገልጋይ ካለ ከጸሎት አገልግሎት ወዲያው ይነሣ፤ በዚህ ላይ መለሳለስ ሕይወት ያስከፍላል።

አሁን ደግሞ በእኔ ግምት ከረቡዕም የሚበልጠው ነገር። 350ው ሰው የሚገኘው እሑድ ነው፤ እሑድ ግን በብዙ አጥቢያ ጸሎት ማለት መዘምራን ሲወርዱና ሰባኪ ሲወጣ መሀል ያለችውን ክፍተት መሙያ ሆናለች። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ይባላል፣ ወንበር ይስተካከላል፣ «አሜን» ይባላል። እሑድ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ የተዘጋጀ ምልጃ አስገቡ። ተረኛው ቅዳሜ ማታ ይጻፈው፦ ስለ አንድ የአገር ጉዳይ፣ ስለ አካባቢው አንድ ነገር፣ ስለ ታመሙ፣ ስለ አንድ ሌላ አጥቢያ። አዎ፣ ይጻፈው። የተጻፈ ጸሎት የሞተ ጸሎት ነው የሚለው አስተሳሰባችን ብዙ አጉድሎብናል፤ መዝሙረ ዳዊት ሁሉ የተጻፈ ጸሎት ነው። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ብለው ቀኑን በሰባት ጊዜ የሚከፍሉት ጸሎት በስሜት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው። ሥርዓቱን አንወስድ ይሆናል፤ የተወሰነ ሰዓት የሌለው ጸሎት ቶሎ እንደሚጠፋ ግን ከእነሱ ብንማር አንጎዳም። እሑድ በጥሩ ሁኔታ ሲጸለይ የሰማ ሰው ረቡዕ ምን እንዳለ ያውቃል፤ የማስታወቂያውን ሥራ ምልጃው ይሠራዋል።

ሽማግሌዎችን በተመለከተ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ ረቡዕ ጸሎት ሲካሄድ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ አለ ወይ? ካለ፣ ምእመኑ ዋናው ነገር የት እየተሠራ እንደሆነ ከበሩ ስር ከሚታየው መብራት ይረዳዋል። ረቡዕ ከ12 እስከ 1፡15 ሌላ ስብሰባም፣ የመዘምራን ልምምድም እንዳይኖር በቃለ ጉባኤ ይወሰን። መጋቢው ይገኝ፤ እንዲመራ ሳይሆን ከሦስቱ አንዱ ሆኖ እንዲጸልይ። የሽማግሌዎች ስብሰባም ራሱ በ20 ደቂቃ ጸሎት ይጀምር፤ አጀንዳው ሲረዝም መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ስለሆነ በሰዓት ይጠበቅ።

እናቶቹን ሳያማክሩ ግን ምንም አይንኩ። ለዓመታት ሁሉም ሲቀር እነሱ ቆይተዋል፤ አንድ ቀን መጥተው ወንበሩ ሦስት ሦስት ሆኖ ቢያገኙት እንደ ተገፉ ይሰማቸዋል። አስቀድመው ሰብስበው ይንገሯቸው፤ እያንዳንዷ እናት ባለችበት ቡድን አንድ ወጣት እንደምትቀበል፣ የልጁን ስም ይዛ በሳምንቱ እንደምትጸልይለት ይስማሙ። እግራቸውን የሚያማቸው ስላሉ ተንበርከኩ፣ ተነሡ የሚል ትእዛዝ ይቀነስ። ልጅ የያዙ ወጣት እናቶችም የማይመጡት ልጁን የሚይዝ ሰው አጥተው ሊሆን ይችላል፤ ከወጣቶች ሁለት ተረኛ ይመደብ።

አዳሩን አትንኩት፣ ነገር ግን በውስጡ ምን እንዳለ እዩ። አዳር የሚሞላው የሚታወቅ ዘማሪ ስለሚመጣ፣ እንግዳ ሰባኪ ስለሚኖር፣ ወጣቱም ከጓደኛው ጋር ስለሚያድር ጭምር ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን በዓል ነው። ሰው በወር አንዴ በዓል ሲያገኝ የወሩን ጸሎት የከፈለ ይመስለዋል። በሌሊቱ ውስጥ 40 ደቂቃ 40 ደቂቃ የሆኑ ሦስት የጸሎት ክፍሎችን አስገቡ፤ በእነሱ ጊዜ መሣሪያም ማይክም ይጥፋ። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ማድረግም ግዴታ ነው፤ የምትጸልዩለት ጎረቤት ሕፃን አለው፣ ጠዋት ሥራ አለው።

በዓረብ አገርና በአሜሪካ ያሉ አባሎቻችሁን በስልክ ማገናኘት ከፈለጋችሁ ለብቻው ሌላ ቀን ያዙላቸው እንጂ ረቡዕን በስክሪን አትሙሉት። ከአዲስ አበባ ማታ 4 ሰዓት ማለት በዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ በዱባይ ደግሞ ማታ 5 ሰዓት። በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ስልክ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ማታ ስለሆነ ይህ ሰዓት ይስማማቸዋል። 30 ደቂቃ ይብቃ፣ ድምፅ ብቻ ይሁን፣ የአሠሪ ስምና አድራሻ እንዳይጠራ ጥንቃቄ ይደረግ።

ወደ ማለዳ ይዙር ወይ ላሉት፦ አሁን አይዙር። ቀንና ሰዓት መቀያየር የለመደውንም ያሳጣል፤ ይዘቱ ካልተለወጠ ደግሞ ባዶው ወንበር ከማታ ወደ ጠዋት ይዛወራል። አዲሱን አካሄድ በዚያው ረቡዕ፣ በዚያው 12 ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት ሳትነኩት ያዙት። ቁጥር በየሳምንቱ አትቁጠሩ፤ በስድስተኛውና በ12ኛው ሳምንት ብቻ ቁጠሩ፣ ከመጣው ሰው ብዛት ይልቅ ድምፁን አውጥቶ የጸለየው ስንት እንደሆነ ጻፉ። የ40 ቀን ዘመቻ አሁን አታውጁ፤ በ41ኛው ቀን የሚሆነውን ያላሰናዳ ቤት ሰውን አድክሞ ይበትናል። ከ12 ሳምንት በኋላ ረቡዕ በሁለት እግሩ ከቆመ፣ ማታ ለማይመቻቸው ዓርብ ጠዋት ከ11፡30 እስከ 12፡15 አንድ ማለዳ ጨምሩ፤ አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ የሦስት ሦስት ጸሎት፣ ከዚያ ወደ ሥራ። መሪ የሚሆኑ ሦስት ሰዎች በተራ ይያዙት። የበሩን ቁልፍ ሁለት ሰው ይያዝ፣ ለዘበኛውም ሐሙስ ማታ ይነገረው፤ በጨለማ መጥቶ የተዘጋ በር ያንኳኳ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።